ጠግቤያለሁ በያት

አክስቴ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ አምስት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት ነበራት። ምላሷ ይለበልባል፤ እጇ ግን አይሰስትም። ደንበኛ ሾርባው ቀጠነ ካላት፣ "ከቀጠነብህ ታጠብበት!" ትልና ሌላ ጭልፋ ትደፋለታለች። እኔ አስተናጋጇ ነበርኩ።

አባባ መዶሻ የምንላቸው ጎረቤታችን ሽማግሌ አናጢ ነበሩ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሥራ ራቃቸው፤ ሚስታቸውም ቀድመው ሞተዋል። አክስቴ መራባቸውን ያወቀችው ኮታቸው ሲሰፋባቸው አይታ ነው።

"አባባ፣ አንዱ ወንበር ደንበኛ ሊጥልብኝ ነው፤ እስቲ ይዩልኝ" አለቻቸው።

መጥተው አዩት፤ ቀጠቀጡት፤ ከዚያ እንደማንኛውም ሰው ተቀምጠው ምሳቸውን በሉ። በማግስቱ መሳቢያው ተበላሸ፣ ቀጥሎ የጓዳው በር። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት አለፈ። ሲበሉ ቀና ብለው ነው። "ዛሬ ደግሞ ጨው ረስተሻል" እያሉ ይቆጧት ነበር እንኳ።

አንድ ቀን መዶሻው ስቶ ጣታቸውን መታቸው። አክስቴ ደሙን ስታይ ክው አለች፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ አፉን አይመርጥም። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ "ኧረ ይተዉት አባባ! ወንበሩ ድሮም ደህና ነበር። ለምግቡ ከሆነ በነጻ አበላዎታለሁ!" አለች።

አባባ ጣታቸውን በመሐረብ ጠቀለሉ፤ "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ" ብለው ምሳ ሳይቀምሱ ወጡ።

በማግስቱ አልመጡም። በሦስተኛው ቀን ምሳ ቋጥራ ላከችኝ። በሩን ገርበብ አድርገው፣ "ጠግቤያለሁ በያት" አሉኝ። ከውስጥ የምግብ ሽታ እንኳ አልነበረም።

ምሳውን እንደተቋጠረ ስመልስላት ሽርጧን ሳታወልቅ ራሷ ሄደች።

"አባባ፣ በሞቴ ይቅር ይበሉኝ። አፌ ነው።"

"አንቺ ምን አጠፋሽ?" አሏት። "እኔ ነኝ እንጂ፣ እየሠራሁ የምበላ መስሎኝ የነበረው።"

ክረምቱ ሳይወጣ ልጃቸው ከሌላ ከተማ መጥታ ወሰደቻቸው። ማረፋቸውን የሰማነው ከተቀበሩ በኋላ ነው፤ ለቅሶ እንኳ አልደረስንም።

አክስቴ ዛሬ ዛሬ ምግብ ቤቱን ለእኔ ትታ ቤት ትውላለች። ያ ምላሷም ደክሟል። አንዳንዴ አጠገቧ ስቀመጥ ድንገት፣ "ያን ቀን ጣታቸውን አስሬላቸው ዝም ብል ምን ነበረበት?" ትለኛለች። "ንጹሕ ጨርቅ እኮ ትከሻዬ ላይ ነበር።"