የሮማው አዛዥ ማን ነው?

ኮምቦልቻ ላይ የወሰዱኝ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው፤ የጠመኔው አቧራ ገና ከእጄ አልተራገፈም። ስልኬን አንደኛው ቀድሞ ኪሱ ከተተው። ፒክአፑ እያቃሰተ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ሲወጣና ጉሙ ሲቀበለን ምን አጥፍቼ እንደሆነ ጠየቅኩ። «ስትደርስ አንተው ትነግረናለህ» አለኝ ከጎኔ የተቀመጠው። ያልደረሰበት ሰው ይሄን ሲሰማ ቀልድ ይመስለዋል።

ደሴ ያስገቡኝ ክፍል ድሮ መጋዘን የነበረ ይመስለኛል፤ የሲሚንቶው ሽታ አልለቀቀውም። በሩ ቆርቆሮ ነው። ከጣሪያው ሥር ባለች ትንሽ ቀዳዳ የባጃጅ ጥሩምባ ይገባል። ውጭ ሰው ወደ ፒያሳ ይወርዳል፣ እኔ የሰው እግር ሳልረግጥ የምቀመጥበት ቦታ እፈልጋለሁ።

ቦታ የለቀቁልኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ከቆላው የመጡ ገበሬ። ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው «አብሽር ልጄ፣ እዚህ ቁጭ በል» አሉኝ። እሳቸውን ያሳሰራቸው ስልክ ማዋስ ነው። ገበያ ላይ አንድ የማያውቁት መንገደኛ ስልኬ ተዘጋብኝ ብሎ ለመናቸው፤ አዋሱት፤ ደውሎ፣ መርቋቸው ሄደ። ለካ ሰውየው ሲፈለግ የነበረ ኖሯል።

«አንተስ?» አሉኝ።

የኔን ለመናገር አፈርኩ። የታሪክ መምህር ነኝ። የጥንት ሮማን ሳስተምር ልጆቹ ቢያንቀላፉብኝ፣ እነዚያ ሰዎች ስልክ ቢኖራቸው ምን ይጻጻፉ ነበር ብዬ ጨዋታ ፈጠርኩ። ግሩፕ ከፈትን። እያንዳንዱ ተማሪ ቁጥሩን ደብቆ በአንድ ሮማዊ ሚና ገባ፤ ማን ማን እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የምክር ቤቱ አባላት ቀኑን ሙሉ ይጨቃጨቃሉ፤ አንዱ በስብሰባው መሃል የሠረገላ ውድድር ውጤት ይጠይቃል፤ የወይን ነጋዴው ተው ቢባል አልሰማ ብሎ ማስታወቂያውን ይለጥፋል። ጦሩን ይዞ ወደ ሮማ የሚያስገባውን ወንዝ እንዳይሻገር የተከለከለው አዛዥ ግን እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ዛሬ ማታ ወንዙን እንሻገራለን። የሚፈራ ካለ አሁኑኑ ከግሩፑ ይውጣ።»

አዛዡ ከኋላ ወንበር የማትጠፋ አንዲት ልጅ ናት። ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም። መልእክቱ ሲነበብ ክፍሉ በሳቅና በጭብጨባ ቀለጠ፤ እሷ አንገቷን ደፍታ ፈገግ ስትል ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ።

ሽማግሌው «እነዚያ ሮማዎች ስልክ ቢኖራቸው ገዥያቸው መጀመሪያ ምን ያደርግ ነበር?» አሉኝ።

«ምን ያደርግ ነበር አባባ?»

«ኔትዎርክ ያጠፋ ነበራ።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አብሮን የታሰረ አንድ ሹፌር ተቀበላቸው፤ «ወታደሩ ደሞዜ ዘገየ ብሎ ይጽፋል፣ ሲነጋ እኛ ጋ ይመጣል» አለ። ሳቁ ቶሎ ሞተ። ያን ሰሞን እውነትም ኔትዎርክ ጠፍቶ ነበርና የብዙዎቻችን ቤተሰብ የት እንዳለን አያውቅም።

በማግስቱ ጠሩኝ። መርማሪው በዕድሜ ታናሼ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ። ከማን እንዳገኘው እንጃ፣ የልጅቷን መልእክት አሳትሞ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል።

«ወንዙ የትኛው ነው? ቦርከና?»

«ጣሊያን አገር ያለ ወንዝ ነው።»

«አዛዡስ?»

«ከሞተ ሁለት ሺህ ዓመት አልፎታል።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መምህር፣ ጨዋታ መሆኑ እኔም አልጠፋኝም። ግን ወደ በላይ አሳውቄያለሁ። አዛዥ አለ ካልኩ በኋላ የለም ልበል? እስከ ነገ አስብበት። አዛዡ የትኛው ተማሪ እንደሆነ ንገረኝና ቤትህ ግባ።»

ደሜ ፈላ። ባያውቅ ኖሮ ይቅር እለው ነበር፤ የማያውቅን ማስተማር እንጀራዬ ነው። ይሄ ግን እያወቀ ነው። ለሪፖርቱ ቀዳዳ መወተፊያ የሰው ልጅ ስጠኝ ይለኛል፤ ያውም ገና መናገር የጀመረች ልጅ። እንደዚያን ቀን በሰው ተናድጄ አላውቅም።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ለሽማግሌው ነገርኳቸውና «አባባ፣ ሲፈቱ ስልክዎን ለማያውቁት ሰው ደግመው ያውሳሉ?» አልኳቸው።

«አውሳለሁ እንጂ። እነሱ አሰሩኝ ብዬ መንገደኛ ልከልክል? ወላሂ አላደርገውም» አሉና ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጡ።

ጠዋት ስሜ ሲጠራ ኮዳቸውን አነሱ። ለቀትሩ የዙህር ሶላት ለመታጠብ፣ ለውዱእ፣ ያስቀመጧት ውሃ ነበረች። እንቢ ብል አልሰሙኝም፤ እጄ ላይ አፈሰሱት። «ታጠብ። ያልተኛ ፊት አታሳያቸው» አሉኝ። ታጠብኩ፤ በሸሚዜ ጫፍ አደረቅኩ፤ ወጣሁ።

«አዛዡ ማን ነው?» አለ መርማሪው።

«እኔ ነኝ።»

«የምክር ቤቱ አባላትስ?»

«እነሱም እኔ ነኝ።»

«የወይን ነጋዴው?»

«እኔ።»

ከኋላዬ የቆመው ጠባቂ በጥፊ አለኝ። ጆሮዬ ጭው አለ።

«ወንዙም አንተ ነህ?» አለ መርማሪው እያሾፈ።

«ወንዙን እንኳ ተወው፤ እሱ አይታሰርም» አልኩት።

ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን አልዘረዝርም። ስሟ ግን ከአፌ አልወጣም። ሲለቁኝ ይቅርታ ያለኝ የለም፤ «ሂድ» ብቻ ነው ያሉኝ። ሽማግሌውን እዚያው ትቻቸው ወጣሁ፤ ከቆይታ በኋላ እሳቸውም መፈታታቸውን ሰማሁ። ስልክ አውሰው የታሰሩ ሰው ናቸው፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ልትሄድ ስትል ልትሰናበተኝ መጣች። «መምህር፣ ስሜን ይናገራሉ፣ ያስሩኛል ብለን እናቴ ልብሴን በፌስታል አዘጋጅታልኝ ነበር» አለችኝ። አሁን በዓል በመጣ ቁጥር አበባ ያለበት ሥዕል በስልክ ትልክልኛለች። ከሥሩ አንዲት ቃል አትጽፍም። ያን አዛዥ የጻፈችው ልጅ ናት ይህቺ። ስሟን አላገኙትም፣ ቃሏን ግን ወሰዱት፤ እኔ በበኩሌ ይሄን ይቅር አልልም።

ዘንድሮ ሮማ ላይ ስንደርስ ርዕሰ መምህሩ በዘዴ «እሱን ምዕራፍ ብትዘለው» አለኝ። አልዘለልኩትም። ክፍል ገብቼ ሚናውን አከፋፈልኩ፤ የምክር ቤት አባል፣ ሠረገላ ነጂ፣ የወይን ነጋዴ። ከፊት የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ አዛዡን ለማን ይሰጡታል?»

«አዛዡ እኔ ነኝ» አልኳትና ጠመኔዬን አነሳሁ።