ከዳገቱ ስር የተፈታው ተሳቢ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል። በደርግ ጊዜ ከአሰብ ጭነው የሚመጡ የጦር መኪኖች እስከ ኮምቦልቻ ተሳቢያቸውን እየጎተቱ ይደርሱና እዚያ አቅም ያጥራቸዋል። ስለዚህ አንዳንዱ ሾፌር ተሳቢውን ከዳገቱ ስር ፈትቶ ይተውና በመኪናው ብቻ ይወጣል፤ ደሴ አራግፎ ሲመለስ ተሳቢውን ቀጥሎ ይወስደዋል። ቤታችን ከመንገዱ ዳር፣ ዳገቱ ሊጀምር ሲል ነበር፤ ግቢያችንም ሰፊ ነው። ጦርነቱ እኛ ቤት የገባው በዚህ በኩል ነው።

አባቴ ጨው፣ ክብሪትና ላምባ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረችው። ሰው የሚያውቀው ግን በአማና ጠባቂነቱ ነው። ከደሴ ዙሪያ ለገበያ የወረደ ገበሬ ጆንያውን እሱ ዘንድ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ሲመለስ እንዳስቀመጠው ያገኘዋል። «አማና ነው» ከተባለ አባቴ የታሰረውን አይፈታም፣ በውስጡ ምን እንዳለም አይጠይቅም። መጠየቅ ሰውየውን መጠርጠር ነው ይል ነበር። እናቴ ትስቅበታለች። «አንድ ቀን እባብ ያስቀምጡልሃል» ትለዋለች።

ከእነዚያ ሾፌሮች አንዱ፣ አንድ ወጣት አስር አለቃ፣ መጀመሪያ ለራዲያተሩ ውኃ ሊለምን ገባ፤ ከዚያ ቤተኛ ሆነ። ክርስቲያን ስለሆነ የእኛን ሥጋ አይበላም፤ እናቴ ለእሱ ብላ ሽሮ ትሠራለች። አባቴን «አባባ» ነው የሚለው። ወላሂን ከእኛ ተምሮ ከእኛ በላይ ይምልባት ጀመር። እኔም እውነቱን ልናገርና፣ የመኪናውን ድምፅ ስሰማ ሻሼን አስተካክል ነበር። ለአቅመ ሔዋን ደርሻለሁ፣ እሱም መልከ መልካም ነው፤ ምን ልሁን?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሸራው በገመድ ጥፍር ተደርጎ የታሰረ ተሳቢ ይዞ መጣ። ግቢያችን አስገብቶ ፈታው፤ ከጎማዎቹ ስር ድንጋይ ታኮ አደረገ።

«አባባ፣ ለግንባር የሚሄድ ስኳርና ብርድ ልብስ ነው» አለ። «ነገ ጠዋት መጥቼ እወስደዋለሁ። አማና።»

ይህን ሲል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነበር። አባቴ «ኢንሻአላህ» አለ። የሸራውን ጫፍ እንኳ አልነካም፤ ቡልኮውን ለብሶ ከተሳቢው አጠገብ አደረ።

በማግስቱ አስር አለቃው መጣ፤ ብቻውን ግን አልነበረም። አንድ መኮንንና ሁለት ወታደሮች አብረውት ነበሩ። ገመዱን ፈትተው ሸራውን ገለጡት። ከላይ የተደረደሩት ጆንያዎች ጭድ ነበር የታጨቀባቸው። ከስራቸው ባዶ ወለል ነው።

መኮንኑ ወደ አባቴ ዞረ። «ስትረከብ ምን ነበረበት?»

«ስኳርና ብርድ ልብስ ተብያለሁ።»

«አይተሃል?»

«አላየሁም። አማና አይፈተሽም።»

ከወታደሮቹ አንዱ ሳቀ። መኮንኑ አልሳቀም። አባቴ ወደ አስር አለቃው ዞሮ «ልጄ፣ ንገራቸው እንጂ» አለው። ያኔ እንኳ ነገሩ አልገባውም ነበር፤ አንድ ስህተት ተፈጥሯል፣ ልጁ ያስረዳል ብሎ ነው የሚጠብቀው።

አስር አለቃው ቀና ብሎ አየው። «ሳስረክብዎ ሙሉ ነበር፣ አባባ» አለ።

እንዲያ እያጠፋውም አባባ አለው። አንቱታውን እንኳ አላጎደለም። ቢሰድበው ይሻለኝ ነበር። አባቴን በዚያው መኪና ጭነው ወደ ደሴ ወሰዱት፤ ባዶውን ተሳቢም ከኋላ ቀጥለው ሄዱ።

የግንባርን ስንቅ መስረቅ በዚያ ዘመን ቀላል ክስ አልነበረም። የሚያድነው የአስር አለቃው ቃል ብቻ ነው። እናቴ ከኀዘኗ አልነሳ ስትል እኔ ስንቅ ይዤ ደሴ መመላለስ ያዝኩ። አባቴ ከስቷል። ምግቡን ቀመስ አድርጎ ይመልስልኛል፤ ከሰላምታ በፊት የሚጠይቀኝ ግን ስለ ልጁ ነው።

«አስፈራርተውት ነው» ይለኛል። «ወታደር አለቃው ፊት ምን ይላል? ብቻውን ሲያገኙት እውነቱን ይናገራል።»

ጭነቱ እኛ ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ እንደተሸጠ እኔ ገና ሸራው ሲገለጥ ገብቶኝ ነበር። ለአባቴ ግን እንዴት ብዬ ልንገረው?

አንድ ቀን እዚያው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ካለችው አክስቴ ቤት ያዘጋጀሁትን ምሳ ይዤ በፒያሳ ሳልፍ አስር አለቃውን አንድ ሻይ ቤት በር ላይ አየሁት። ጫማውን እያስጠረገ ነው። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። ሊሸሽ አልሞከረም፤ ለሊስትሮው አንድ ነገር ብሎ ተነሳና ፈንጠር ብለን ቆምን።

«ሸጠኸው ነው የመጣኸው» አልኩት።

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«ከሰው ሁሉ የኔን አባት? እናቴ ቤት እየበላህ?»

«ሌላ ሰው ይከፍተው ነበር» አለኝ። «አባባ ግን አይከፍቱም።»

እያመሰገነው ነበር እኮ። እንደዚያ ደሜ የፈላበትን ቀን አላስታውስም። ከደጃችን የሚያልፈውን ሰው ሁሉ መዝኖ፣ አባቴን በታማኝነቱ መርጦ ጣለው። ልተፋበት አሰብኩ፤ አፌ ደረቀ። እሱ ቦታው ተመልሶ እግሩን ለሊስትሮው እየዘረጋ «ሰላም በይልኝ» አለ።

እስር ቤቱ ስደርስ አባቴ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ይጠብቀኛል። «ልጁን አላገኘሽውም?» አለኝ።

«አገኘሁት።»

አጥሩን በሁለት እጁ ያዘ። «ምን አለ?»

የሰማሁት ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ያንን ከስቶ የገረጣ ፊቱን አየሁ።

«ሰላም በይልኝ ብሎሃል» አልኩት።

አባቴ ሳቀ። ከታሰረ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ብዬሽ አልነበር?» አለ። «ይመጣል። ሲመቸው መጥቶ ይነግራቸዋል።»

ከዚያ ሳህኑን ተቀበለኝና፣ እዚያው አጥሩ ስር ቁጭ ብሎ፣ ምሳውን ምንም ሳያስተርፍ በላ።