ሳሙናና ናፍጣ

ምን አለሽ ተራ አሮጌ በርሜል ቀጥቅጬ የከሰል ምድጃ እሠራለሁ። እጄ ከግራሶና ከጥላሸት ተለይቶ አያውቅም። ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ ቡታጅራ ወላጆቿ ጋ ስትገባ ልጅቱ ሰባት ዓመቷ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ብቻዬን ኖርኩ። ብቻውን የሚበላ ሰው እጁ ጠራ አልጠራ ማን ይጠይቀዋል?

መስከረም ላይ ልጄ ደወለች። ዩኒቨርሲቲ ልትገባ አዲስ አበባ መምጣቷ ነው፤ እሑድ መሳለሚያ እንገናኝ አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ እጄን አየሁት። ለዚያች ልጅ አንድ ቀን እንኳ ንጹሕ እጅ ዘርግቼላት አላውቅም። አሁንስ በዚህ እጅ አልጨብጣትም ብዬ ማልኩ።

እልኸኛ ነኝ፤ ሰው መጠየቅ አልወድም። ናፍጣ ግራሶ ያስለቅቃል፣ ሳሙና የናፍጣ ሽታ ያጠፋል፤ ታዲያ ሁለቱን አንድ ላይ ባደርጋቸውስ? አንድ ሙሉ ሳሙና ፍቄ ጣሳ ናፍጣ ውስጥ ጨመርኩና ሳማስል ዋልኩ። ወይ ፍንክች! ፍቅፋቂው እንዳለ ከታች ዘቀጠ። ሌላ ሳሙና ልገዛ የሰፈሩ ሱቅ ስመለስ ባለሱቋ ጉዴን ሰምታ ሳቋ መጣ።

«ጋሼ፣ ሳሙና ውሃ ውስጥ እንጂ ናፍጣ ውስጥ መች ይሟሟል? መጀመሪያ በምግብ ዘይት ይሹት፣ ከዚያ ሳሙናውን በደረቁ፤ ውሃ መጨረሻ ላይ ነው።»

አፈርኩ፤ ግን እንዳለችው አደረግሁ። ቅዳሜ ሥራ ሳልገባ ሦስት ጊዜ ዘይት፣ ሦስት ጊዜ ሳሙና፣ ለብ ያለ ውሃ። ጥፍሬን በመጥረጊያ ስንጥር ፈለፈልኩት። አረፋው መጀመሪያ ጥቁር ወረደ፣ ቀጥሎ አመድማ፣ በመጨረሻ ነጭ። የእጄን መልክ ረስቼው ኖሯል። እዩልኝ እንዳልል ቤቴ ውስጥ ማን አለ? ብቸኝነቴ እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

እሑድ ከታክሲ ስትወርድ ወዲያው ለየኋት፤ እናቷን በቁመት አልፋታለች። እጄን ዘረጋሁላት። እሷ ግን መዳፌን አልፋ የእጄን አንጓ ያዘችና ጉንጬን ሳመችኝ። ሥራ ላይ ያለን ሰው እጁ እንዳያቆሽሸን በአንጓው አይደል የምንጨብጠው? ዝቅ ብላ እንኳ አላየችውም። ልጅ ሆና የለመደችውን ነው ያደረገችው።

«አባዬ፣ ከሥራ ነው የመጣኸው?» አለችኝ።

የታጠበ መዳፌን ቀስ ብዬ ጨበጥኩት።

«አዎ፣ ከሥራ ነው» አልኳት።