ሆዴን ያየው ካሜራ

አንጀቴን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማላውቀው ሐኪም ያሳየሁ ሴት፣ ለገዛ ወንድሜ አንዲት ቃል መንገር ለምን ስምንት ወር ፈጀብኝ?

ፍኖተ ሰላም ውስጥ «የእሷን ሆድ እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው» እባላለሁ። ዝምታዬን ማማታቸው ነው። ደም ማየት ስጀምር ግን ሆዴን እኔም እንደማላውቀው ገባኝ። ሐኪሙ በቱቦ ይታይ አለ፤ ቱቦው በየት እንደሚገባ ሲነግረኝ ተነሥቼ ወጣሁ። ኋላ አዲስ አበባ የሚዋጥ ካሜራ መኖሩን ሰማሁና ለወንድሜም ለጎረቤትም «ስልጠና ነው» ብዬ ሄድኩ። የምን ስልጠና ያለኝ የለም። ከስልጠና የተመለሰ ሰው ምን ተማርክ ተብሎ አያውቅማ!

አንጀት እንዲጸዳ ብለው ያጠጡኝን አልዘረዝርም። ሁዳዴን ሳላጓድል የኖርኩ ሴት፣ መፈሰኪያው ካሜራ የሆነ ጾም ያን ቀን አየሁ። ካሜራው የአውራ ጣቴን አንጓ ያህላል፤ በሁለቱም ጫፍ ብልጭ ብልጭ ይላል። ስውጠው ነርሷ፣

«እናቴ፣ ፈገግ ይበሉ እንጂ፣ ፎቶ እኮ ነው!» አለችኝ።

«ፊቴን የሚያነሣ መስሎሽ ነው?»

ምስሉን የሚቀበለውን ዕቃ ወገቤ ላይ ታጥቄ ኮሪደር ለኮሪደር ስንጎራደድ ዋልኩ። በማግስቱ ሐኪሙ አንጀቴ ላይ እብጠት እንዳለ፣ ሳይቆይ ካልተቆረጠ ወደ ካንሰር ሊለወጥ እንደሚችል ነገረኝ።

«ታዲያ ካሜራው እዚያው ደርሶ ለምን አልቆረጠውም?»

«ያያል እንጂ አይቆርጥም። የሚወጣው በቱቦ ነው።»

ዓባይን ተሻግሬ የሸሸሁት ቱቦ ወንዝ ማዶ ቆሞ ጠበቀኝ። እብጠቱ ወጣ። ሐኪሙ ሲሸኘኝ፣ «ይህ በዘር ሊሄድ ይችላል። ወንድም እኅት ካለዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ» አለኝ።

ያለኝ አንድ ታላቅ ወንድም ነው፤ ማንኩሳ ገጠር የሚያርስ። «ፊደል ሆድ አይሞላም» ብሎ ከትምህርት ቤት ያስቀረኝ፣ በሠላሳ ዓመቴ የማታ ስገባ የሳቀብኝ እሱ ነው። ስንት ዘመኑ፣ «ኪንታሮት ነው» እያለ ከቡሬ ገበያ የመድኃኒት ሥር እየገዛ ይጠጣል። ይህን እያወቅሁ በየበዓሉ ሄጄ ጠላውን ጠጥቼ ተመለስኩ። የተማርኩት እኔ ነኝ እንግዲህ።

አንድ እሑድ ኮቱ ከትከሻው ላይ ሲንሸራተት አየሁ። ሰውነቱ አልቋል።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ ስልጠና አልነበርኩም» አልኩት። ደሙን፣ ካሜራውን፣ ቱቦው የሚገባበትንም ሳይቀር ነገርኩት። «የእርስዎም ኪንታሮት ላይሆን ይችላል። ይታዩ።»

«እሰይ! ይህን ሁሉ ተምረሽ ተምረሽ ቴሌቪዥን ዋጥሽ?» ብሎ ሳቀ።

ሳቁ ብዙ አልሄደም። ሚስቱ ጓዳ መሆኗን ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ደሙ... ያንቺው ቀይ ነበር ወይስ ጥቁር?»