በአራት ሰው የማይነገር መርዶ

የበደለኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። የበደለኝም ኮሮና አገራችን በገባበት በ2012 ዓ.ም.፣ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት አጋማሽ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ሐሙሲት ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ያን ዓመት የዓለምን ነገር ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ በሰፈሩ አልነበረም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጓደኛዬ ሬዲዮ ነው። ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ባለችው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ከውጭ የሚተላለፈውን የአማርኛ ዜና አንድም ቀን አላሳልፍም ነበር። ጣልያን ሬሳ በወታደር መኪና ሲጫን ሰማሁ። እስፔን ሽማግሌዎች በየመጦሪያው ብቻቸውን ሲሞቱ ሰማሁ። ጎረቤቶቼ በአጥር ላይ ብቅ እያሉ፣ "እማማ፣ ዛሬስ የት ደረሰ?" ይሉኛል። እኔም እነግራቸዋለሁ። ሞኝ ነበርሁ።

እህቴ የምትኖረው ሐሙሲት ነበር፤ ወንድማችን ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ ባለችው ክፍል። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ልጅ አልወለደችም። እናታችን የሞተች ቀን ገላዋን አብረን አጥበን ስንጨርስ፣ እጃችን ገና እርጥብ ሳለ፣ "ከሁለታችን የቀደመችውን የቀረችው ታጥባት፤ ሌላ ሰው እንዳይነካን" አለችኝ። እሺ አልኋት። እህቴ በዕድሜዋ ሙሉ ከእኔ የጠየቀችው ነገር ይኸው ብቻ ነው።

ከባሕር ዳር ሐሙሲት በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይፈጅም። በመጋቢት መጨረሻ ግን ከተማችን ተዘጋች፤ መግባትም መውጣትም ተከለከለ። ሐይቁ ዳር ሰው ጠፋ፤ ወደ ገዳማቱ የሚሄዱት ጀልባዎች ታስረው ቆሙ። እኔም ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስሠራ የለመድሁትን ስፌት አውጥቼ ጭምብል መስፋት ያዝሁ። ለእህቴ ሁለት ሰፋሁላት፤ እኔ ዘንድ ከተወችው አሮጌ ቀሚሷ፣ ከአረንጓዴው አበባማ ጨርቅ። መንገዱ ሲከፈት ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር ጠቅልዬ በሚኒባስ ሾፌር ላክሁ። ወንድሜ ደወለ።

"ደርሶናል፣ እትዬ። እጅሽ ይባረክ።"

"ለሷ ስጣትና አገናኘኝ።"

"ስልኳ ተበላሽቷል። ደሞ ተኝታለች።"

"በቀን?"

"ጾሙ አድክሟት ነው።"

እህቴ ያን ቀን ከተቀበረች አሥራ አንድ ቀን ሆኗት ነበር።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። በስልክ እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ ተባባልን። እሷስ ስለው ጎረቤት ሄዳለች አለኝ። እኔ ደሞ አሜሪካ ውስጥ ሰው እንዴት እየረገፈ እንደሆነ ነገርሁት። "ለሷም ንገራት፤ ከቤት እንዳትወጣ" አልሁት።

"አትወጣም" አለኝ።

ግንቦት ላይ ሚኒባሶቹ በግማሽ ወንበር ብቻ ሰው ሲጭኑ ማንንም ሳልጠይቅ ተነሣሁ። ሐሙስ ነበር፣ የሐሙሲት ገበያ ቀን። ከመኪና ወርጄ ገበያውን ሳልሻገር የወንድሜን ሚስት አየኋት። ጥቁር ለብሳለች። ፊቷ ላይ የኔ ጭምብል አለ፣ አረንጓዴው አበባማው።

"ለማን ነው ጥቁር የለበስሽው?" አልኋት።

ሽንኩርት የሞላውን ዘንቢል መሬት አስቀመጠች። ጭምብሉን ግን አላወለቀችም። "ቤት እንሂድ፣ እትዬ" አለች።

እንዲህ ነው የእህቴን ሞት ያወቅሁት።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ የለም። ዘመድና ሽማግሌ በማለዳ ይሰበሰባል፤ ሐዘንተኛው ደጁ ላይ ሰው ሞልቶ ሲያይ ማንም ሳይናገር ልቡ ያውቀዋል፤ ሲወድቅ የሚይዘው አለ፣ አብሮት የሚያለቅስ አለ። እስከዚያ ሁሉም እያወቀ ዝም ይላል፤ ዝምታው ደግነት ነው። እኔም ለሰው አድርጌዋለሁ። ግን በኔና በእህቴ መካከል የነበረውን ቃል ወንድሜ ያውቃል። እናታችንን ስናጥብ ውኃ ያቀበለን እሱ ነው።

ግቢው ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። "ከተማው ተዘግቶ ነበር፣ እትዬ" አለ።

"ሲከፈትስ?"

"በዓል ደረሰ። በዓልሽን እንዳላበላሽብሽ ብዬ ነው።"

"ከበዓል በኋላስ?"

"ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ የለ? መርዶ በአራት ሰው ይነገራል? ደሞ አንቺ ደም ግፊት ያለብሽ ሰው ነሽ።"

"ማን አጠባት?"

ሚስቱን አየ። ሚስቱ ዘንቢሏን አየች። በኋላ ጎረቤቶች እንደነገሩኝ ማንም አላጠባትም። ሳል ስለነበራት ፈሯት፤ በለበሰችው ልብስ፣ በአንሶላ ጠቅልለው ወሰዷት። ኮሮና ይሁን ጉንፋን የመረመራት የለም። አርባዋ ከወጣም ቀናት አልፈው ነበር።

ሁለተኛው ጭምብል የት እንዳለ ጠየቅሁ። አመጡልኝ። ይዤው ተመለስሁ።

ከዚያ ወዲያ ዓለም መባሱን ቀጠለ። አሜሪካ ውስጥ አንድ ፖሊስ የጥቁር ሰው አንገት ላይ ተንበርክኮ ገደለው፤ ሕዝቡ ጭምብሉን አድርጎ አደባባይ ወጣ። ሰው ለማያውቀው ሰው በሺህ ሆኖ ሲያለቅስ በሬዲዮ እሰማ ነበር። ሐምሌ ላይ ግድቡ ውኃ ያዘ ተብሎ ሰፈራችን ጡሩምባ ነፋ። ጎረቤቴ በሬን አንኳኩታ፣ "እማማ፣ አባይ እኮ ከኛው ሐይቅ ነው የሚወጣው፤ ደስ አይልዎትም?" አለችኝ። ራሴን አሞኛል ብዬ ዘጋሁባት።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ማክሰኞ ቀን፣ የቤይሩት ወደብ ፈነዳ። የወንድሜ ትልቋ ልጅ እዚያ ሰው ቤት ትሠራለች። በማግስቱ ወንድሜ ደወለልኝ፤ ከግንቦት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

"እትዬ፣ ሬዲዮ ምን ይላል? ስልኳ አይሠራም።"

"ሬሳ ከፍርስራሽ እያወጡ ነው ይላል።"

"የሐበሻ ልጆችስ?"

"አላነሣም።"

ሐሙስ ረፋድ ላይ በማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ልጅቷ ነበረች። ባሕር ዳር ስትማር አራት ዓመት እኔ ዘንድ ተቀምጣለች፤ በቃሏ የያዘችው ቁጥር የኔን ብቻ ነው። የራሷ ስልክ ከመስኮቱ ጋር ደቅቆ በሰው ስልክ ነበር የምትናገረው። "መስታወት ክንዴን ቆረጠኝ እንጂ ደህና ነኝ፣ አክስቴ። ለአባዬ አለች በይልኝ። ቶሎ ንገሪው።"

እሺ አልኋት። አልደወልሁለትም።

ዓርብ ፍልሰታ ገባ። በየቀኑ አረንጓዴውን ጭምብል አድርጌ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። እሱም በየቀኑ ይደውል ነበር። ቅዳሜ ሲደውል ድምፁ ተሰብሯል። "ዛሬ ጠዋት ሰዎች ደጄ መጥተው ቆመዋል" አለኝ። "ምን ሰምተው ይሆን?"

"እኔ እንጃ" አልሁት።

ሰኞ ጠዋት ደውዬ ልጅህ በሕይወት አለች አልሁት። አለቀሰ። ሲበርድለት መቼ እንደሰማሁ ጠየቀኝ።

ሐሙስ አልሁት።