የወለተ ሥላሴ የቤት አበል

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ወታደር ጎንደር ማራኪ ሰፈር ካለው ቤታችን መጥታ ጓሮ ያለችውን ክፍል ልትከራይ ጠየቀችኝ። ያችን ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የማከራየው ለተማሪዎች ነው። ተማሪ ሲዘፍን ያመሻል፣ ወር ሲሞላ ይሰወራል፤ ቢሆንም ለምጄዋለሁ። ልጅቷ መስኮቱን ከፍታ ዘጋች፣ ቧንቧውን ሞከረች፣ ከዚያ እንደማፈር ብላ፣ «እትየ፣ የኪራይ ውል ይጽፉልኛል? የቤት አበል ልጠይቅበት ነው» አለችኝ።

ስሟ እመቤት ነው። ባለቤቷም ወታደር ነው፤ የተመደበው ግን ሌላ አገር ነው። የሁለት ዓመት ልጃቸው ደባርቅ አያቱ ዘንድ ነው፤ አበሉ ሲጸድቅ ታመጣዋለች። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ስትነግረኝ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አመመዎት እንዴ ብላ ደነገጠች። አላመመኝም። የዛሬ ሠላሳ ዓመት የነበረችውን ታንጉትን፣ ራሴን፣ ደጃፌ ላይ ቆማ ማየት ግን ወንበር ያስፈልገዋል።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት አስር አለቃ ነበርኩ። ጎንደር ካምፕ ውስጥ የአስተዳደር ክፍሉ ታይፒስት ነኝ። ባለቤቴ አዛናውም አስር አለቃ ነው፤ ምድቡ ሳንጃ። እኔ በክረምቱ ብርድ ካፖርት ደርቤ ስንቀጠቀጥ እሱ ቆላ ላይ ሸሚዙን አውልቆ ላቡን ይጨምቃል። ልጃችን ትርንጎ ደግሞ ከዳባት ወጣ ብሎ ካለው የደጋ መንደራችን፣ ከአባቴና ከእናቴ ጋር ነበረች። አንድ ቤተሰብ ሆነን ሦስት ዓይነት አየር እንተነፍስ ነበር። የማድረው ሴት ወታደሮች መኝታ ክፍል ውስጥ ነው፤ እዚያ ልጅ ማሳደር ክልክል ነው። ውጭ ቤት እንዳልከራይ ደመወዜ አይፈቅድም። የቤት አበል የሚባል ነገር እንዳለ ግን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ የካምፑን ሰው ሁሉ የአበል ደብዳቤ የምመታው እኔ ነኝና። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

ደንቡን በቃሌ እወጣው ነበር። ባልና ሚስት ሁለቱም ወታደር ከሆኑ አበል የሚያገኘው አንዳቸው ብቻ ነው። ካምፕ የሚያድር አያገኝም። ተለያይተው ከተመደቡና ልጅ ካላቸው ግን ልጁን ለሚይዘው ይፈቀዳል፤ የጋብቻ ማስረጃ ሲቀርብ። ልጠይቅ ልጠይቅ እያልኩ፣ የራስን ጉዳይ በራስ እጅ መምታት እያሳፈረኝ፣ ሁለት ዓመት አሳለፍኩ።

ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ፋሲካ ነው። ሦስት ቀን ፈቃድ አግኝቼ ወደ ዳባት ወጣሁ፤ ከመኪና ወርጄ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ግቢያችን ስደርስ ትርንጎ ደጅ ላይ ጫጩት ታባርራለች። ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ዩኒፎርሜን አየች እንጂ ከረሜላ የያዘውን እጄን አላየችም፤ ወደ ቤት እየሮጠች፣ «እማ፣ ወታደሯ መጣች» አለች።

እማ ያለችው እናቴን ነው። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ የበዓሉን ዶሮ ግን ሳልጨርስ ተነሳሁ። በመመለሻዬ አምባ ጊዮርጊስ ላይ መኪናው ለምሳ ሲቆም አልወረድኩም። እዚያው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ክረምቱ ሳይወጣ ልጄን ይዤ ጎንደር እገባለሁ ብዬ ወሰንኩ።

የጋብቻ ማስረጃ ነበረኝ። ያውም ያማረ ማስረጃ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ የደብሩም ጸሐፊ እሳቸው ነበሩ። የደብሩ ማኅተም በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚያድረው ከራስጌያቸው ነው። እኔና አዛናው በቁርባን ስንጋባ በመቃ ብዕር፣ በደማቅ ጥቁር ቀለም፣ ፊደሉ ተለቅሞ የሚበላ የሚመስል ደብዳቤ ጽፈውልን ነበር። እሱን ከማመልከቻዬ ጋር አያይዤ ለአስተዳደር ኃላፊያችን ለሻምበሉ አቀረብኩ።

ሻምበሉ ክፉ ሰው አልነበረም። አራት ነጥብ የጎደለው ዓረፍተ ነገር ግን እንቅልፍ ይነሳዋል። ደብዳቤውን አነበበ፣ ገለበጠ፣ እንደገና አነበበ።

«ጽሕፈቱስ ሸጋ ነው» አለኝ። «ግን ወለተ ሥላሴ ማን ናት? ገብረ መስቀልስ?»

እኔና አዛናው ነን አልኩት። የክርስትና ስማችን ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ያጋባችን በዚያ ስም ነው። እሱ ግን መዝገቡን ከፈተ፤ በመዝገቡ ያሉት ታንጉትና አዛናው ናቸው። ወለተ ሥላሴ የምትባል ወታደር ስለሌለችው አበል ሊከፍላት አይችልም። ቀበሌ ሄደን እንዳንመዘገብ ሁለታችንም መቅረብ አለብን፤ የአዛናው ፈቃድ ደግሞ ሐምሌ ላይ ነው፣ በጀቱ ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሻምበሉ ይህን ሁሉ ካስረዳኝ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መላ ሰጠኝ፤ ያላገባች እናት ብለሽ ቅጹን ሙዪ፣ በሳምንት ያልቃል አለኝ። ለኔው አዝኖ ነው። ቅጹን ያባዛሁት እኔው ስለሆንኩ የትኛው መስመር ላይ ምን እንደሚጻፍ ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ።

«ሻምበል፣ ልጄ እኔን ወታደሯ ነው የምትለኝ» አልኩት። «አሁን ደግሞ አባት የላትም ብዬ ልጻፍ?»

ቅጹን መልሶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ እኔ ግን ለማልቀስም ጊዜ አልነበረኝም። የሦስት ቀን ፈቃድ የምትጠይቅ ማመልከቻ እዚያው መትቼ፣ እዚያው አስፈርሜ ወጣሁ።

ሰኔ አጋማሽ ላይ የደጋው መንገድ ምን እንደሚመስል የሄደበት ያውቀዋል። ከዳባት ወዲያ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። ገብሱ ከመሬት ብቅ ብሎ ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ ሆኗል፤ ጉሙ ደግሞ ሰው እንዳያየው ይመስል አጎንብሶ ያልፋል። ጫማዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እስከ ጉልበቴ ተለውሼ ደረስኩ። የሐዋርያት ጾም ነበርና እናቴ የገብስ እንጀራ በተልባ አቀረበችልኝ። እንዲያ የጣፈጠኝ ምግብ ብዙ አላስታውስም፤ ርሀብ ነው መሰል።

አባቴ ጉዳዬን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ወለተ ሥላሴ፣ ቄሱ ሲያቆርቧችሁ በማን ስም ነው የጠሯችሁ?» አሉኝ። «እኔም በዚያው ጻፍኩ። ማኅተሙ የደብሩ ነው፤ ደብሩ ታንጉት የምትባል አያውቅም።»

ሻምበሉ ወለተ ሥላሴን አያውቅም፤ አባቴ ታንጉትን አያውቁም። በሁለቱ መሀል ቤት የምትሻው እኔ ነኝ። ብለምን፣ ባስረዳ፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። ስመ ዓለም ለዓለም ነው ብለው ወደ ማኅሌታቸው ሄዱ። እውነቱን ለመናገር ንድድ አለኝ። ወታደር ስሆን ያልመረቁኝ ዛሬም አልማሩኝም ብዬ አሰብኩ። ከተቀጠርኩ ጀምሮ ወታደር የሚለው ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፤ ሰው ሲጠይቃቸው ጎንደር ናት ብለው ያልፉ ነበር።

በማግስቱ ከእናቴ ጋር ድንች ስንልጥ፣ አባየ ምን ክፉ ነገር አዩብኝ ብዬ አጉረመረምኩ። እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ምነው ታንጉቴ፣ ደብዳቤውን የከለከሉሽ መሰለሽ? እሷን ነው የከለከሉሽ።»

ቀና ብዬ አየሁ። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ ነበር። ትርንጎ እስከ አጥሩ ሮጣ ሄደች፣ ከሷ ሁለት እጥፍ የሚረዝመውን መቋሚያ ተቀበለቻቸው፣ እየጎተተችም ከፊት ከፊት መራቻቸው። አባቴ ርምጃቸውን በርምጃዋ ልክ አሳጥረው ይከተላሉ። እኔን በልጅነቴ እንዲያ ሲከተሉኝ አላስታውስም፤ ያኔ ጎልማሳ ነበሩ፣ ይቸኩሉ ነበር። ንዴቴ በረደ። በንዴት ፈንታ የመጣው ግን ከንዴት የከፋ ነው፤ የማንን ልጅ ከማን ልነጥቅ ነው የመጣሁት አሰኘኝ። ሐሳቤን ግን አልለወጥኩም።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ከጣራው ክፈፍ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባየ፣ ልጅቱ እኔን ምን ብላ እንደምትጠራኝ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ» አሉ።

«ዘንድሮ ካላወቀችኝ መቼም አታውቀኝም። ደብዳቤውን ባይጽፉልኝም እወስዳታለሁ፤ መኝታ ክፍሉ ቢከለክለኝ ሌላ እፈልጋለሁ። ግን ከእጅዎ ብቀበላት እወዳለሁ።»

አባቴን እንዲያ ተናግሬያቸው አላውቅም። እሳቸው ተነሥተው ጋቢያቸውን ተከናነቡና ወደ ቤት ገቡ።

በሦስተኛው ቀን ከቅዳሴ መልስ ፀሐይ ብልጭ ስትል አባቴ ደጃፉ ላይ ወረቀት ዘርግተው፣ ቀለማቸውን በጥብጠው ጠሩኝ። ትርንጎ ቀይ ቀለም ያለበትን ቀንድ በሁለት እጇ ይዛላቸዋለች።

«ማዕረግሽን ምን ይሉታል?» አሉኝ።

«አስር አለቃ።»

«ሥራሽስ?»

«የጽሕፈት መኪና ነው የምመታ። ደብዳቤ እጽፋለሁ።»

ብዕራቸውን ከወረቀቱ አነሱ። «ጸሐፊ ነሽ?»

«አዎ።»

«ምነው ይህን ሁሉ ዘመን ሳትነግሪኝ?»

«አልጠየቁኝማ» አልኳቸው። አንገታቸውን አቀርቅረው ጻፉ። ወለተ ሥላሴ፣ በስመ ዓለም አስር አለቃ ታንጉት፣ ከገብረ መስቀል፣ በስመ ዓለም አስር አለቃ አዛናው ጋር በቅዱስ ቁርባን መጋባታቸውን፣ አመተ ማርያም ትርንጎ የምትባል ሴት ልጅም መውለዳቸውን ደብሩ ያውቃል። ታንጉት የሚለው በቀይ ነው። ቀይ የቅዱሳን ስም የሚጻፍበት አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የመጽሐፉ ባለቤት ስምም በቀይ ነው የሚጻፍ» አሉኝ። «ይህ ወረቀት ያንቺ ነው።» ከዚያ ማኅተሙን ከጨርቁ ፈተው አተሙበት።

ሻምበሉ ሁለተኛውን ደብዳቤ ሲያይ ፊቱ በራ፣ ወዲያው ደግሞ ጨለመ። በቢሮ ወግ ቀይ ቀለም የአዛዥ ነው፤ ፋይል ውስጥ አይገባም። ጠረጴዛውን ልገለብጠው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። እሱ ግን በዚህ ጊዜ ራሱ መላ ፈጠረ። «አራዳ ገበያ ሂጂና ፎቶ ኮፒ አስነሺው፤ ማሽኑ ቀይ አያውቅም፣ ጥቁር አድርጎ ያወጣዋል። ዋናውን አመሳክሬ እመልስልሻለሁ» አለኝ። ኮፒው ፋይል ገባ። አበሉ በጀት ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ተፈቀደ፤ የፈቃዱን ደብዳቤ ስመታ አንድም ፊደል አልሳትኩም።

አራዳ ከጨርቅ ሱቆቹ ጀርባ አንዲት የምታፈስ ክፍል ተከራየሁና ሐምሌ ላይ ልጄን ልወስድ ሄድኩ። አባቴ እስከ መኪና መንገዱ ድረስ በጋቢያቸው ሥር አዝለዋት መጡ። ልሸከምላቸው ብል እምቢ አሉ። መኪናው ሲመጣ አወረዷትና እጄ ላይ አኖሯት።

«ከእጄ ብለሽ አልነበር» አሉኝ። ዞረው ሄዱ፤ መለስ ብለው አላዩንም።

ትርንጎ እስከ አምባ ጊዮርጊስ አለቀሰች። ዝም በይ አላልኳትም፤ ማልቀስ ይገባት ነበር። በአዲሱ ቤት ስንት ሳምንት አያቷን ስትጠራ ከረመች፣ እኔን ግን በምንም አልጠራችኝም። ለመስቀል ሰሞን አንድ ጠዋት ጫማዬን ሳስር ከአልጋዋ ላይ ሆና፣ «እማ ወታደሯ፣ ትመለሻለሽ?» አለችኝ። ሥራ ዘገየሁ። ዛሬ ባሕር ዳር የምታስተምር፣ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ስትደውልልኝ አሁንም እማ ወታደሯ ነው የምትለኝ። አባቴ ካረፉ ብዙ ዘመን አልፏል። በዚያች መንገድ ብቻቸውን ዳገቱን ሲመለሱ ዛሬም ይታዩኛል። እንደገና ያው ቀን ቢመጣ ግን ያንኑ አደርገው ነበር።

ይህን ሁሉ ለእመቤት አልነገርኳትም፤ ወታደር ናት፣ ሰዓት አላት። የልጅ ልጆቼ ለክረምት ሲመጡ ደብተራቸውን የማርምበትን እስክሪብቶ ከመሳቢያው አውጥቼ ውሉን ልጽፍ ተቀመጥኩ።

«ልጁን አበሉ ሲጸድቅ አመጣዋለሁ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ እትየ።»

«ነገ ሄደሽ አምጪው። ኪራዩ አበሉ እስኪመጣ ይቆያል። ልጅ ግን አይቆይም።»

ከውስጥ ሬዲዮ የሚያዳምጠው አዛናው ጉሮሮውን ጠረገ። ስለ ኪራይ ቸርነቴ ሁልጊዜ አስተያየት አለው፤ ያን ቀን ግን ሬዲዮውን ከፍ አደረገ። ልጅቷ እጄን ታያለች። ስሟን ከነማዕረጓ ስጽፍ ጎንበስ አለች።

«እትየ፣ በቀይ የተጻፈ እኮ አይቀበሉኝም።»

«ፎቶ ኮፒውን ስጫቸው» አልኳት። «ዋናው ካንቺ ጋር ይቀመጥ።»