ሰኞ የሚሻለው ትከሻ

እኔ ተጠራጣሪ ነኝ፤ አልክድም። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይኖራል ስንጥር» የሚለውን ተረት ከአባታችን ሆይ ይልቅ አዘውትሬ የምደግም ሰው ነኝ። ደብረ ብርሃን ላይ የሴቶች እጅ ኳስ ቡድን ማሠልጠን ስጀምር ደግሞ ባሰብኝ። የተጎዳ ተጫዋች ሁሉ «አያመኝም» ይላል። ሞኝህን ፈልግ!

የዚያን ዓመት ጥርጣሬዬ በሙሉ ያረፈው በግራ ክንፍ ተጫዋቼ ላይ ነበር። የቄስ ልጅ ናት፤ ዝምተኛ። ጥር ላይ ልምምድ ስንሠራ ወድቃ ቀኝ ትከሻዋ ወለቀ። ሐኪሙ ቦታው ከመለሰላትና ክንዷ አንገቷ ላይ ከታሰረው ጨርቅ ከወጣ በኋላ፣ ቀስ በቀስ ወደ ሜዳ የመመለሱ ሥራ የእኔ ሆነ። መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፎ እጅ ማንሳት፣ ቀጥሎ ላስቲክ መሳብ፣ ከዚያ ቀላል ኳስ በአጭር ርቀት መወርወር፤ ካመማት አንድ ደረጃ ወደ ኋላ። ከፋሲካ በኋላ ለክልል ውድድር ምርጫ አለ፤ ከዚያ ሌላ ሕልም አልነበራትም። ትከሻው ሳይጠና ብትወረውርበት ግን ዳግመኛ ይወልቃል፤ ያኔ ኳስን መርሳት ነው።

ግራ የገባኝ ሰኞ ሰኞ ደህና መሆኗ ነው። እጇን ከራሷ በላይ ታነሣለች፣ ኳሱንም ታደርሳለች። ረቡዕ ፊቷ ይኮማተራል። ዓርብ ጃኬቷን እንኳ የምታወልቅላት ጓደኛዋ ናት። «ምን ሠርተሽበት ነው?» ስላት «ምንም፣ ጋሼ» ትላለች፣ መሬት መሬት እያየች። ወይ ምንም! ተደብቃ ትወረውራለች አልኩ። ወጌሻ ዘንድ ሄዳ ታሳሻለች አልኩ። አንድ ሐሙስ ከልምምድ በኋላ በባጃጅ ተከተልኳት፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ቤተ ክርስቲያን ገባች። ልትሳለም ነው ብዬ ተመለስኩ።

በሕማማት ሳምንት ማክሰኞ ዕለት ክንዷ ጭራሽ አልነሣ አለ። ጓደኞቿ ፊት ጮህኩባት። «ውሸታም! በገዛ እጅሽ ራስሽን ልታጠፊ ነው?» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ለምርጫው የሚቀርቡትን ስም የምልከው እኔ ነኝ፤ አንዴ ከተላከ ደግሞ አይታረምም። በዚያው ንዴቴ ስሟን አስቀርቼ ላክሁት።

ዓርብ ስቅለት ነው፤ እንደ ሰው ሁሉ እኔም ሄድኩ። በሴቶቹ በኩል አየኋት። ትወድቃለች፣ ሁለት እጇን መሬት ላይ ትተክላለች፣ የሰውነቷን ክብደት በዚያች ትከሻ ገፍታ ትነሣለች። ደግሞ ትወድቃለች። ለካ ጾሙን ሙሉ ስትሰግድ ነው የከረመችው! ቅዳሜና እሁድ ስግደት ስለሌለ ነው ለካ ሰኞ የሚሻላት። በር ተሳልሞ የሚመለስ እንደኔ ያለ ሰው ይኼን ከየት ያውቀዋል?

ሕዝቡ ሲበተን በር ላይ ጠበቅኋት። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትከሻዬን እንዲምርልኝ ነው የምሰግደው» አለችኝ። «ለእግዜር የሰጡትን ለሰው ያወራሉ እንዴ፣ ጋሼ?» ማክሰኞ የሰደብኳትን ያላስታወሰች መሰለችኝ፤ ፈገግ አለች። «ከእንግዲህ እስከ ጰራቅሊጦስ ስግደት የለም። ያርፍልኛል። ለምርጫው እደርሳለሁ፣ አይደል?»

ዝርዝሩ ከሄደ ሦስት ቀኑ ነበር።

«ትደርሻለሽ» አልኳት።